ባለ አንድ ጎማ ሳይክል ስትገዙ ቁመት ሳይሆን እግር ለኩ

ይህን የምጽፈው ባለ አንድ ጎማ ሳይክል ለልጃቸው ወይም ለራሳቸው ሊገዙ ላሰቡ ሰዎች ነው። እኔ ስገዛ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው አላገኘሁም። ያገኘሁት ሻጭ ብቻ ነበር፤ እሱም በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ነገር ነገረኝ።

የምንኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። እዚህ ልጆች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ይህን ሳይክል በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ እንደ ገመድ ዝላይ ይጫወቱበታል። የስምንት ዓመቷ ልጄም ከጓደኞቿ አይታ «አባዬ፣ ለእኔም» አለች። ዋጋ ጠየቅሁ፣ ሱቅ መረጥኩ፣ ይዣት ሄድኩ። እስከዚህ ድረስ የሚነገር ነገር የለም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ። ተራ ሳይክል ስንገዛ ልኬት የምንለው የፍሬሙን ነው። እዚህ ግን ልኬት ማለት የጎማው ስፋት፣ ማለትም ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በመሐሉ ሲለካ ያለው ርቀት ነው፤ 12፣ 16፣ 20፣ 24 እያለ እስከ 36 ኢንች ይሄዳል። ፍሬሙ ሁለት እግርና አንድ አጭር አንገት ያለው ብረት ነው፤ ጎማውን ተከትሎ ይሠራል እንጂ ለብቻው ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ተብሎ አይመጣም። ሰውየውን የሚመጥነው በኮርቻው ቱቦ፣ ማለትም ኮርቻውን ተሸክሞ በፍሬሙ አንገት ውስጥ በሚገባው ብረት ነው። ቱቦው ወደ ላይ ብዙ ይወጣል፤ ወደ ታች ግን ወሰን አለው። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰንጠረዥ ተለጥፏል፦ ይህን ያህል ቁመት፣ ይህን ያህል ኢንች። ልጄ 1 ሜትር ከ28 ናት፤ ሰንጠረዡ 20 አለ። ግድግዳ አስይዘን አወጣናት። ታች ያለውን ፔዳል የምትነካው በጣቷ ጫፍ ብቻ ነበር። «አልደረሰችም» አልኩት። ሻጩ ኮርቻውን ሊያወርድ ሞከረ፤ ቱቦው ረጅም ስለሆነ ታችኛው ጫፉ ጎማውን ነካና ቆመ። «ችግር የለውም፣ ቤት ወስደው ይቁረጡት፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ደግሞም ታድግበታለች» አለኝ።

ታድግበታለች! ጫማና ጃኬት ስንገዛ እኛም የምንለው ነው፤ ለጃኬት ይሠራል። እግርህ ፔዳል ላይ ካልደረሰ ግን መንዳት የሚባል ነገር የለም። ልጅ በዓመት አምስት ስድስት ሴንቲ ቢረዝም እንኳ ወደ እግር የሚሄደው ግማሹ ገደማ ነው። እስክታድግ ፍላጎቷ አይጠብቃትም።

ቤት ወሰድኩትና በብረት መጋዝ ቆረጥኩት። ቱቦው ላይ «ከዚህ በላይ አታውጣ» የምትል መስመር ታትማለች፤ ከታች ሲቆረጥ መስመሯ ያለችበት ቦታ ትርጉም ያጣል። ስለዚህ ከአዲሱ ጫፍ ለክቼ በሚስማር ሌላ ጫርኩ። ጫፉን በሞረድ አለሰለስኩት፤ ሸካራ ሆኖ ከቀረ የፍሬሙን አንገት ከውስጥ ይፍቃል። ንጹሕ ሥራ ነበር። ኮርቻውን አወረድኩት፣ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ የኮርቻው ብረት ከቱቦው ማጥበቂያ ጋር ተጋጠመ። አለቀ። ከዚያ በታች ቱቦውን በሙሉ ብትቆርጠው ኮርቻው ንቅንቅ አይልም።

ሜትር አመጣሁና ለካሁ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ከፔዳሉ እስከ ኮርቻው አናት 62 ሴንቲ ሜትር። የልጄ የውስጥ እግር ከነጫማዋ 58። አራት ሴንቲ ትንሽ ይመስላል፤ ልጅቷን ግን መንዳት ከለከላት። ፔዳሉ ታች በደረሰ ቁጥር ዳሌዋ ወደ ጎን ይወድቃል፣ ጎማውም አብሮ ይጣመማል። ይህ ሳይክል በባዶ አይሽከረከርም፤ ፔዳሉ ከጎማው ጋር አንድ ነው፣ እግር ሲቆም ጎማውም ይቆማል። ስለዚህ እግሯ ባመለጣት ቁጥር ወደ ፊት ትወረወር ነበር። «አልችልም» ማለት ጀመረች። እስካሁን የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ያልቻለው ብረቱ ነው እንጂ እሷ አይደለችም።

መልሼ ወሰድኩት። ያው ሰውዬ አየውና «የተቆረጠ ዕቃ አንቀበልም» አለ። «እርስዎ አይደሉ ወይ ቁረጡት ያሉኝ?» አልኩት። «ምክር ነው የሰጠሁት» አለኝ። አለቃውን ጠራሁ፤ አለቃውም ሰንጠረዡን በጣቱ አሳየኝ። ልጅቷ አጠገቤ ቆማለች፣ እግሯ ይታያል፣ እነሱ ወረቀት ያሳዩኛል። ገንዘቡ ቀረ።

ስለዚህ «ሱቅ ሄደህ ግዛ፣ ይሻልሃል» የሚለውን ምክር በግማሽ ብቻ ተቀበሉት። ሱቅ ሄዳችሁ ሞክሩ፤ ግን እዚህ አገር ከሱቅ የተገዛ ጤነኛ ዕቃ የመመለስ መብት በሕግ የለም፣ በሻጩ ፈቃድ ነው። በኢንተርኔት የተገዛ ግን በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ ይመለሳል፤ እርግጥ ከቆረጣችሁት ያም ጣጣ ያመጣል። ሻጭ ቁረጡ ካላችሁ «እዚሁ ቁረጥልኝና ልጄ ትውጣበት» በሉ። እምቢ ካለ ውጡ።

መፍትሔው ያገለገለ 16 ኢንች ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከ20 ወደ 16 ሲወረድ የጎማው ስፋት 10 ሴንቲ ገደማ ይቀንሳል፣ መሐሉ ላይ ካለው ዘንግ እስከ ላይኛው የጎማ ጠርዝ ያለው ርቀት ደግሞ በ5 ያጥራል። ፔዳሉን የሚይዘው ክንድም በትልቁ 12.5 ሴንቲ ነበር፣ በትንሹ 10 ነው። ሁለቱ ተደምረው 7 ተኩል፤ 62 የነበረው 54 ገደማ ሆነ። ጎማ መቀየር የማይፈልግ ሰው ክንዱን ብቻ በአጭር ቢለውጥ አንድ ሁለት ሴንቲ ያተርፋል፤ ለእኛ አይበቃም ነበር።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። ልጁን ጫማ አስለብሳችሁ ግድግዳ አስደግፉት፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮቹ መሐል እስከ ላይ አስጠጉና ከወለል ለኩ። ከዚያ ሻጩን ስለ ቁመትም ስለ ዕድሜም አትጠይቁት። «ኮርቻው እስከ መጨረሻው ወርዶ ከታችኛው ፔዳል ስንት ነው?» በሉት። መልሱ ከእግሩ ልኬት ካነሰ ይሆናል፤ ከበለጠ ሰንጠረዡ ምንም ይበል አይሆንም።

ከፍታውን ስታስተካክሉ ተረከዝ ታች ባለው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግር ቀጥ ይበል። በፊተኛው የእግር መዳፍ ሲረግጥ ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል፣ ልኩ እሱ ነው። ለጀማሪ ኮርቻውን ዝቅ አድርጉለት የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ዝቅ ሲል ልጁ ፔዳሉ ላይ ይቆማል፣ ጭኑ ይቃጠላል፣ ሚዛኑም ይጠፋል። ክብደቱ ኮርቻው ላይ መሆን አለበት።

ለራሴም በኋላ ገዛሁ። ሰንጠረዡ ለቁመቴ 24 ይል ነበር፤ እኔ ግን ለመማር 20 ወሰድኩ፣ አንድ ዙር የሚሄደው አጭር ስለሆነ ለመቆጣጠር ይቀላል። ለአዋቂ ረጅም ቱቦ ያስፈልጋል፤ ሲገዙ ውፍረቱን ማየት ነው፣ 22.2፣ 25.4 እና 27.2 ሚሊ ሜትር የሚባሉ አሉና አንዱ ለሌላው ፍሬም አይሆንም።

ያገለገለ ፍሬምና ጎማ ለየብቻ የሚገዛ ሰው ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ይለካ፤ የውጪ ስፋቱ 40 ወይም 42 ሚሊ ነው። 42ቱ በ40 ፍሬም አይገባም፤ 40ው በ42 ፍሬም የሚገባው ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ሲኖረው ነው። የኩሽኔታውን ክዳን ብሎኖች ደግሞ ግራና ቀኝ እኩል አጥብቁ፤ ከመጠን በላይ ከጠበቁ ጎማው ይከብዳል።

በመጨረሻ ክንዶቹ ላይ የተጻፈውን ኤልና አር ፊደል እዩ። ኮርቻው ወደ ፊት ዞሮ ኤሉ በግራ እግር በኩል መሆን አለበት። የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጎማው ዞሮ ከተገጠመ ሲነዳ ፔዳሉ ራሱን እየፈታ ይሄድና የክንዱን ጥርስ ይበላዋል። ያኔ አዲስ ክንድ መግዛት ነው።