ጾመኛም የማይጠጣም ይዞ ሌሊት ፖቻ መግባት፦ ከሴኡል የተማርኩት

ኮሪያ ውስጥ መጠጥ ብቻውን አይታዘዝም። ሶጁ የሚሉት የኮሪያ አረቄም በሉ ድራፍት፣ አብሮት የሚበላ ነገር ማዘዝ የግድ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ከመጠጥ ጋር የሚቀርብ ምግብ አንጁ ይሉታል። ሴኡል ለትምህርት መጥቼ ከለመድኳቸው ነገሮች ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ነው። ጥሩ አንጁ ያለበት ገበታ ጨዋታ ያመጣል፣ ሆድ ይይዛል፣ ስካርንም ያዘገያል። ሌሊቱ የሚያምረው ምግቡ በደንብ ሲታሰብበት ነው፤ መጠጡ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

በቅርቡ ከአዲስ አበባ ለስልጠና የመጡ ጓደኞቼን እስከ ንጋት ክፍት ወደሆነ ፖቻ (አንጁና መጠጥ የሚቀርብበት የኮሪያ መጠጥ ቤት) ይዣቸው ሄጄ ነበር። ዕለቱ ዓርብ ነው። አንዷ ጾመኛ ናት። አንዱ መጠጥ በአፉ አይዞርም። የአሳማ ሥጋ ደግሞ ማናችንም አንበላም። የፖቻ ምግብ ዝርዝር በአብዛኛው አሳማ ነው፤ ሳምግዮፕሳል አሳማ፣ ጆክባል የአሳማ እግር፣ ሱንዴ በአሳማ አንጀት የተሞላ፣ ቡዴጂጌ ደግሞ የቆርቆሮ ሥጋና ቋሊማ ያለበት ወጥ። ስለዚህ ከቤት ሳልወጣ ማን ምን እንደሚበላ አስቤ ጨርሼ ነበር።

መጀመሪያ ቦታ መረጥኩ። የፖቻ መነሻው የመንገድ ዳር ድንኳን ነው። ጆንግኖ 3-ጋ አካባቢ ዛሬም ማታ ማታ ድንኳኖቹ ተደርድረው ይታያሉ። ድባባቸው ልብ ይሰርቃል። ግን መቀመጫው ጠባብ ነው፣ መጸዳጃው ከድንኳኑ ውጭ ነው፣ ካርድ የማይቀበሉም አሉ፣ የምግቡም ምርጫ ትንሽ ነው። ጾመኛ ለያዘ ሰው ቤት ውስጥ ያለ ፖቻ ይሻላል። በተለይ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያሉት ዋጋቸው ተማሪን ያገናዘበ ነው፤ የምግብ ዝርዝራቸውም ፎቶ አለው። ፓስፖርታችሁን ያዙ ብዬም አስጠነቀቅኳቸው። መጠጥ የሚፈቀደው 19 ዓመት ወደሚሞላበት ዓመት ለደረሰ ሰው ነው፤ ፊቱ ልጅ ለመሰለ ሁሉ መታወቂያ ይጠየቃል።

ገብታችሁ ስትቀመጡ አስተናጋጅ እስኪመጣ አትጠብቁ። ጠረጴዛው ላይ የጥሪ ደወል አለ። ማንኪያና ቾፕስቲኩ ብዙ ጊዜ ከጠረጴዛው ጎን መሳቢያ ውስጥ ነው። ውሃ በብዙ ቤት ራሳችሁ ትቀዳላችሁ። ሳታዝዙ የሚመጣው ፈንዲሻ ወይም ቆሎ መሰል ነገር ነጻ ነው።

ዋናው ነገር ትዕዛዙ ነው። ለጾመኛዋ ሁለት ነገር አስቀድሜ መርጬ ነበር። አንዱ ጋምጃጆን ነው፤ ድንች ተፈግፍጎ በዘይት የሚጠበስ ቂጣ። ሌላው ዶቶሪሙክ ነው፤ ከዛፍ ፍሬ ዱቄት የሚሠራ፣ እንደ ጄሎ የሚንቀጠቀጥ፣ በቅጠላ ቅጠልና በሰሊጥ ዘይት የሚለወስ። የታወቀውን የቀይ ሽንኩርት ቅጠል ቂጣ ፓጆንን ተውኩት፤ ሊጡ ውስጥ እንቁላል የሚጨምሩ አሉ፣ የባሕር ምግብም ይገባበታል። ኪምቺም፣ ያ በበርበሬ የሚብላላው ጎመን፣ ለሁሉም ጾመኛ አይሆንም። ብዙውን ጊዜ በጨው የተነከረ ትንንሽ ሽሪምፕ ወይም የዓሣ ፈሳሽ አለበት። በጾም ዓሣ የሚበላ ሰው ይበላዋል፤ እሷ ግን አትበላም።

ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) በኪምቺ የሚባለውም ያታልላል። ስሙ ጾም ይመስላል፣ ግን ኪምቺው ብዙ ጊዜ ከአሳማ ሥጋ ጋር ተጠብሶ ነው የሚመጣው። የፖቻውን ባለቤት ጠርቼ «ድዌጂጎጊ ፔ ጁሴዮ» አልኳት፤ የአሳማ ሥጋ አታድርጊበት ማለት ነው። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ማንም ሀበሻ ኮሪያ ሲመጣ መጀመሪያ ቢይዛት ደስ ይለኛል። መጥበሻውንም እንድታጥብልን ለመንኳት። ጾመኛ መሆኗን ስነግራት ቶፉውን ብቻ ቀቅላ ከአኩሪ አተር ሶስ ጋር አመጣችላት። ሴትየዋ ትልቅ ሰው ናት፤ ደንበኛው ሁሉ «ኢሞ» ይላታል፣ እኛ አክስቴ እንደምንለው። በአክብሮት ከጠየቃችሁ የማታደርግላችሁ ነገር የለም።

ለማንጾመው ደግሞ ዳክጋልቢ አዘዝኩ። ዶሮ፣ ጎመን፣ ስኳር ድንችና የሩዝ ሊጥ በቀይ በርበሬ ድልህ ሰፊ ምጣድ ላይ ይጠበሳል። በርበሬ ለለመደ አፍ ከዚህ የሚበልጥ የለም። የቹንቾን ከተማ ምግብ ነው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ፣ እዚያ ባሉ ትንንሽ መጠጥ ቤቶች ርካሽ አንጁ ሆኖ ነው የጀመረው። ቹንቾን ማለት የቃኘው ዘማቾቻችን መታሰቢያ ሐውልት የቆመባት ከተማ ናት፤ ንጉሠ ነገሥቱ በፈረንጆቹ 1968 መጥተው የጎበኙት። ይህን ስነግራቸው ጠረጴዛው ለትንሽ ጊዜ ምግቡን ረሳ። የሚያቃጥለውን ለማብረድ በሸክላ ድስት በእንፋሎት የሚነፋ እንቁላል ጨመርኩ። ዳክጋልቢው ሲያልቅ የቀረው ድልህ ላይ ሩዝ ይጠበሳል። ለእሱ ሆዳችሁ ውስጥ ቦታ ተዉ።

አሁን ወደ መጠጡ። ሶጁ በአረንጓዴ ጠርሙስ ይመጣል፣ 360 ሚሊ ሊትር ነው፣ ሰባት ያህል ትንንሽ ብርጭቆ ይሞላል። የአልኮል መጠኑ 16 በመቶ አካባቢ ነው። ከካቲካላ በጣም ይለሰልሳል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። በፈረንጆቹ 1965 የኮሪያ መንግሥት ከሩዝ አረቄ ማውጣትን ሲከለክል ፋብሪካዎች ከስኳር ድንችና ከመሳሰሉት አልኮል አውጥተው በውሃ ማቅጠንና ማጣፈጥ ያዙ። የዛሬው ርካሽ ሶጁ የዚያ ልጅ ነው። ፍራፍሬ የተጨመረበትን ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ፤ ጭማቂ እየመሰለ ነው የሚጥላችሁ። ሶጁና ቢራ መቀላቀል ሌላ ልማድ ነው፤ ለመጀመሪያ ቀን እንግዳ አልመክረውም።

ለእኛ ሰው የምመክረው ማክጎሊ ነው። ከሩዝ የሚጠመቅ፣ ወተት የመሰለ፣ 6 በመቶ አካባቢ አልኮል ያለው። በማንቆርቆሪያ መጥቶ በጎድጓዳ ሳህን ይጠጣል። ጾመኛዋ ጠላ ስለለመደች ወዲያው ተስማማት። ከድንች ቂጣው ጋር ደግሞ ሲያያዙ!

አቀዳዱ ላይ ኮሪያውያን ቀልድ የላቸውም። ለራስህ አትቀዳም፤ ጎረቤትህ ይቀዳልሃል፣ አንተም ለእሱ። ብርጭቆው ባዶ ሳይሆን አይሞላም። ለትልቅ ሰው በሁለት እጅ ይቀዳል፣ ሲቀዳልህም በሁለት እጅ ትቀበላለህ። ታናሽ ሲጠጣ ፊቱን ትንሽ ዘወር ያደርጋል። ጓደኞቼን ይህን ላስተምራቸው ስዘጋጅ፣ በሁለት እጅ መስጠትና መቀበሉን ከቤታቸው ይዘውት መጥተዋል። ለማይጠጣው ጓደኛችን ሳይዳ የሚሉትን ለስላሳ በሶጁ ብርጭቆ ቀዳሁለት። «ጃን!» ሲባል እሱም እኩል ያጋጫል፣ ለሌሎቹም ይቀዳል። ለምን አትጠጣም ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ይህን በጣም አጥብቄ እመክራለሁ፤ የማይጠጣ ሰው ፊት ባዶ ብርጭቆ አይቀመጥ።

ሂሳብ የሚከፈለው ሲወጡ በር አጠገብ ነው። ጉርሻ የሚባል ነገር የለም፤ ለኢሞም ትርፍ ገንዘብ መተው አያስፈልግም፣ ጎንበስ ብሎ ማመስገን ይበቃል። አንድ ሰው ሁሉንም ይከፍላል፣ የሚቀጥለውን ቤት ሌላው ይከፍላል። «እኔ ነኝ የምከፍለው» የሚለው ግብግብ እዚያም አለ።

መመለሻውን ግን ከመጠጣታችሁ በፊት ወስኑ። የምድር ባቡሩ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይቆማል። የታክሲ ጭማሪ የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ ከ5 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት 40 በመቶ ይደርሳል። N የሚል ምልክት ያላቸው የሌሊት አውቶቡሶች ግን ርካሽ ናቸው፣ መስመራቸውም ትልልቆቹን ሰፈሮች ያዳርሳል። እኛም በእሱ ተመለስን። ጾመኛዋ ዳክጋልቢው ሲጠበስ እያየች ነው ያመሸችው፤ ስለዚህ ለእሁድ ቹንቾን ቀጥረናል። መጀመሪያ የቃኘው መታሰቢያ፣ ከዚያ ምሳ።