ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ጋሼ የደወሉልኝ የመኪናቸውን ካምቢዮ (የማርሹን ሳጥን) እንዳወርድላቸው ነው። ቤታቸው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ኮብልስቶኑ አልቆ አቧራው የሚጀምርበት ሰፈር። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። መኪናቸው በፈረንጆች 1994 የተሠራች ኮሮላ ናት፤ ማርሿ ማኑዋል። እኔ ጋራዥ የለኝም። ዕቃዬን በሻንጣ ይዤ ሰው ግቢ ድረስ እየሄድኩ ነው የምሠራው።

"ዘይት ትጥላለች። የኋላው ሲል ነው ተብያለሁ" አሉኝ በስልክ። "አንድ ጋራዥ ቀይረውልኝ ነበር፤ ሳይሰነብት መልሶ ጀመረው። እስቲ አንተ ደህና አድርገህ ቀይርልኝ።"

የኋላ ሲል የሚባለው ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ወደ ፍሪሲዮን በሚወጣበት በኩል ያለው የጎማ ቀለበት ነው። ዕቃው ራሱ ውድ አይደለም። እሱ ጋ ለመድረስ ግን ካምቢዮ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮን ይፈታል። ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው። ለሠሪው ደግሞ ጥሩ ብር አለው። መኪና ሥር ዘይት በታየ ቁጥር "የኋላ ሲል ነው" የሚባለው አንዳንዴ ለዚህ ይመስለኛል።

ሄጄ ሥሯ ገባሁ። ዘይቱ እውነትም ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ነው የሚንጠባጠበው። በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት። የካምቢዮ ዘይት የድኝ ዓይነት የሚከረፋ ሽታ አለው። ይሄ የለውም፤ የሞተር ነው። እስከዚህ ድረስ ጋራዡ ልክ ነበር።

ችግሩ ከዚያ በላይ ምንም አለመታየቱ ነው። የሰፈሩ አቧራ ዘይቱ ላይ እየተለጠፈ ሞተሩን በጥቁር ጭቃ ሸፍኖታል። ዘይት ወደ ታች ነው የሚሄደው። መኪና ሲነዳ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚወጣበት ቦታ ላይሆን ይችላል።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ እንጠባት።"

"እንድታጥብልኝ ነው እንዴ የጠራሁህ?"

"ካምቢዮው የትም አይሄድም። አስፈላጊ ከሆነ ነገ አወርደዋለሁ።"

ደስ አላላቸውም። ግን እሺ አሉ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ነጭ ጋዝ በትኩስ ሞተር ላይ ማፍሰስ እሳት መጥራት ነው። ዲስትሪቢውተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዕቃ) እና ዲናሞውን በፌስታል ሸፈንኩ። ጭቃውን በብሩሽና በነጭ ጋዝ አስለቀቅኩት፤ ቀጥሎ በሳሙና ውሃ። ሲደርቅ ፓውደር ጠየቅኩ። እትዬ የልጅ ልጃቸውን ፓውደር አመጡልኝ። ከቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጎን እስከ ካምቢዮው ድረስ ነሰነስኩት። ጋሼ ጥርሳቸውን ነክሰው ሳቁ። "ታጠበች፣ አሁን ደግሞ ተቀባች" አሉ።

በኮዬ ፈጬ በኩል ዞር ዞር አድርገናት ተመለስን። ዲስትሪቢውተሩ ጀርባ በቀላሉ አይታይም፤ የእትዬን የእጅ መስታወት አስገብቼ በስልኬ መብራት አበራሁ። ነጩ ፓውደር ላይ ቡናማ መስመር ተሰምሯል። ከዲስትሪቢውተሩ ሥር ይነሳና በቴስታታው ጎን ወርዶ ካምቢዮው ላይ ያርፋል። ከእሱ በላይ ያለው የቴስታታ ክዳን በዚያ በኩል ደረቅ ነው።

በዚህ ሞተር ዲስትሪቢውተሩ የሚታሰረው ቴስታታው ጫፍ ላይ ነው፤ ልክ ከካምቢዮው በላይ። የሚያዞረው ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ስለሆነ ከጀርባው ዘይት አለ። ዘይቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚይዘው አንድ ኦሪንግ (ክብ የጎማ ቀለበት) ነው። ዕድሜና ሙቀት ያደርቀዋል። ከዚያ የፈሰሰው ወርዶ መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ ከታች ለሚያይ ሰው ከኋላ ሲል በምንም አይለይም።

ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ጭቃው ሲነሳ ዲስትሪቢውተሩ ዙሪያ ሲሊኮን ተለድፎ አገኘሁ። ሲሊኮን የለደፈ ሰው ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ አይቷል ማለት ነው። ማን እንደለደፈው፣ መቼ እንደለደፈው ጋሼም አያውቁም። እኔም ዝም አልኩ።

ሥራው ቀላል ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቀልኩ። ዲስትሪቢውተሩ የቆመበትን ቦታ ቴስታታው ላይ በሚስማር ጫር አድርጌ ምልክት አደረግኩ። ያ ምልክት ከሌለ ሲመለስ ታይሚንጉ (እሳቱ የሚመጣበት ጊዜ) ይዛባል። ብሎኖቹን ፈትቼ ሳብኩት። ኦሪንጉ ክብነቱ ጠፍቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። በካቻቢቴ ጫፍ ስነካው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ልጃቸው ስብርባሪውን በወረቀት ጠቅልሎ ሶማሌ ተራ ሄደ። ስፋቱ ብቻ ሳይሆን ውፍረቱም እኩል ይሁን ብዬ አደራ አልኩት። ቀጭን ከሆነ ዛሬ ገብቶ ነገ ያፈሳል።

እሱ እስኪመለስ የሞተሩን መተንፈሻ አየሁ። ፒሲቪ የሚባለው የመተንፈሻው ቫልቭ ከተደፈነ በሞተሩ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል፤ አዲስ የገባውንም ጎማ ገፍቶ ዘይት ያስወጣል። አውጥቼ ስነቀንቀው ቀጭ ቀጭ አለ። ደህና ነው። ቱቦው ግን በዘይት ጭቃ ጠብቦ ስለነበር አጠብኩት።

አዲሱን ኦሪንግ ዘይት ቀባ አድርጌ አስገባሁ። ሲሊኮን አላስጠጋሁም። ተርፎ ወደ ውስጥ የገባ ሲሊኮን ተቆርሶ የዘይት ፓምፑን ማጥለያ ሊደፍን ይችላል። መኪናዋን አስነስተን ሥሯ ካርቶን አነጠፍን። በማግሥቱ ጠዋት ደወሉ።

"ካርቶኑ ደረቅ ነው" አሉኝ። "መጀመሪያ ካምቢዮው ሲወርድ የከፈልኩትን ብር ግን ማን ይመልስልኛል?"

ለዚህኛው መልስ አልነበረኝም። የቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) በቺንጋው በኩል ትንሽ ያልበዋል። እሱን ዘይት ሲቀየር አብረን እንቀይረዋለን ተባባልን። እስከዚያ የዘይት መለኪያውን በየሳምንቱ እንዲያዩ ነገርኳቸው። ከላይኛው ምልክት እስከ ታችኛው ብዙ ጊዜ አንድ ሊትር ገደማ ነው። ጋሼ ደብተር ገዝተው መመዝገብ ጀምረዋል።