ኮሶን በስልክ ካሜራ፦ ከተፈጥሮ ክበባችን የተገኘ ልምድ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የማስተባብረው የተማሪዎች የተፈጥሮ ክበብ ዘንድሮ ሲክ እና አይናቹራሊስት በተባሉ የስልክ መተግበሪያዎች መሥራት ስለጀመረ፣ መሰል ክበብ ለምትመሩ መምህራን ይጠቅማል ያልኩትን ላካፍላችሁ። ሲክ መለያ ክፈቱ አይልም፤ አንዴ ከተጫነ ዳታ በሌለበትም ዕፅዋትንና እንስሳትን ይለያል። ተጠቃሚዎች ፎቶ ጭነው ዝርያውን አብረው በሚለዩበት በአይናቹራሊስት ግን ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ መለያ መክፈት ስለማይችሉ፣ ታናናሾቹን በሲክ ብቻ እንዲሠሩ አድርገናል። ሲክ ብዙ ዝርያ ሲለዩ የሚሸልማቸው ባጅ (የሽልማት ምልክት) ያሯሩጣቸዋል፤ እኔ ግን ቁጥር ማሳደድን ስለሚያለማምድ ብዙም አልወደድኩትም።

ብዙ የተማርነው በወፍ ዋሻ ደን፣ ከአንድ ኮሶ ሥር ነው። ልጆቹ ዛፉን ከሩቅ ሲያሳዩት መተግበሪያው አበባ የሚያወጣ ተክል ከማለት አላለፈም። ጠጋ ብለው ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነውን ቅጠል ሲያሳዩት ከጽጌረዳ ቤተሰብ መሆኑን ነገራቸው፤ ቁልቁል የተንዠረገገውን ቀላ ያለ አበባ ሲያዩበት ደግሞ ኮሶ መሆኑን ለየ። ከዚያ አንዲት ተማሪ የጎረቤቱ ዛፍ አበባ ለምን እንዳልቀላ ስትጠይቅ፣ የኮሶ ወንዴና ሴቴ አበባዎች በተለያዩ ዛፎች ላይ እንደሚወጡ ለማስረዳት ከመማሪያ መጽሐፍ የተሻለ አጋጣሚ አገኘሁ። መተግበሪያው ስሙን ወዲያውኑ ቢነግራቸው ኖሮ ወደ ቅጠሉና ወደ አበባው የሚጠጉ አይመስለኝም።

መንዝ ላይ የጓሳን ሣር ስናነሣ ግን ሲክ ዝርያውን ሳይለይ ቀረ። ሣር ከፎቶ ለመለየት አስቸጋሪ ከመሆኑም በላይ፣ መተግበሪያው የሚያውቀው በቂ ፎቶ የተሰበሰበላቸውን ዝርያዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ከፍ ያሉት ተማሪዎች ቦታና ቀን የያዙ ፎቶዎችን በአይናቹራሊስት ላይ ይጭናሉ፤ ከመለየት ሥራው ተሳታፊዎች ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት በዝርያው ስም ሲስማሙ መረጃው ለምርምር ብቁ ይባላል።

ለመስከረም የያዝነው ሥራ አደይ አበባ ነው። ተማሪዎቹ በየሰፈራቸው የሚያገኙትን ቢጫ አበባ ቅጠሉን ጭምር አንሥተው፣ ሁሉም አንድ ዝርያ መሆን አለመሆኑን ያነጻጽራሉ። ፎቶው ከቤት ደጃፍ ስለሚነሣ፣ ከመጫናቸው በፊት ትክክለኛው ቦታ እንዳይታይ የሚያደርገውን ማስተካከያ አብረን እንሞላለን።