ጣታቸው ላይ የነበረው ሰማያዊ

ይሄ ነገር ከሆነ ቆየ፤ ሳስታውሰው ግን አሁንም ያንገበግበኛል። ለስፔሻሊቲ ቻይና ሄጄ የጨጓራና አንጀት ክፍል እሠራ በነበረበት ጊዜ ነው።

ሰውዬው ሃምሳ ዓመት አለፍ ብሏቸዋል። አልሰሬቲቭ ኮላይተስ፣ ማለትም የትልቁ አንጀት ቁስለት፣ ከያዛቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ለዚሁ ሜሳላዚን የሚባል መድኃኒት ይወስዳሉ። ያን ቀን የተኙት ግን ለአንጀታቸው አልነበረም። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ እያጠራቸው ተቸግረው ነው። ደሙም ተቅማጡም ከጠፋ ወራት አልፏል። ካርዳቸው ላይ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት፦ የለም» ይላል። ከሥሩ የሲኒየሩ፣ የበላያችን ሐኪም፣ ፊርማ አለ።

የልብ ምታቸውን ልቆጥር እጃቸውን ስይዝ የጣታቸው ጫፍ ሰማያዊ ነው። ደነገጥኩ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ጣቱ ከሰማያዊ መጀመሪያ የምናስበው ኦክስጅን ነው። መለኪያውን ሳደርግላቸው ግን 96 ከመቶ አለ፤ ደህና ነው። ደግሞ የቀለመው አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ብቻ ነው። አልኮል የነካ ጥጥ አንስቼ ጠረግ አደረግኩት። ሰማያዊው ወደ ጥጡ መጣ።

ሁለታችንም ጥጡን አየነው። እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱት።

እዚያ አገር ትልቅ ሰው «ሹሹ» ይባላል፣ አጎቴ እንደማለት ነው። «ሹሹ፣ ልቆጣዎት አይደለም፤ ምንድን ነው ይሄ?» አልኳቸው።

«ቺንግ ዳይ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው።

ቺንግ ዳይ የጨርቅ ማቅለሚያ ከሚወጣባቸው ቅጠሎች የሚሠራ ዱቄት ነው። በቻይና ባህላዊ ሕክምና የቆየ ነገር ነው። እሳቸው በኢንተርኔት አዝዘው፣ ቤት ውስጥ በባዶ እንክብል እየሞሉ፣ በቀን ሁለቴ ይውጣሉ። ሰባት ወር ሆኗቸዋል። አባታቸው የሞቱት በትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። ቁስለቱ ዓመታት ሲቆይ ለካንሰር እንደሚያጋልጥ ሐኪሞች ነግረዋቸዋል፤ እውነትም ነው፣ በየጊዜው ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት፣ የምናደርገው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ደሙን ያቆመላቸውን ነገር አጥብቀው ያዙ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ልነግር ነበር። ባለፈው ስጀምር ዶክተሩ ‹የሳር የቅጠል ወሬ እዚህ አይወራም› አሉኝ። ብዙ ሰው ነበር፤ አፈርኩና ተውኩት። ዶክተር፣ እባክሽ ለእሳቸው እንዳትነግሪብኝ።»

«እንዳትነግሪብኝ።» እስካሁን የምትቆጠቁጠኝ ይቺ ቃል ናት። ትልቅ ሰው፣ የገዛ ሳንባው እየደከመ፣ ቁጣ ፈርቶ ይለምነኛል።

ያ ንግግር ያናደደኝ ለሌላም ምክንያት ነው። አገር ቤት ጤና ጣቢያ ስሠራ ለወባ በሽተኛ ኮአርተም ስሰጥ ኖሬአለሁ። የኮአርተም መነሻ አርቴሚሲኒን ነው። እሱን ደግሞ ቱ ዩዩና ባልደረቦቿ የቻይናን የድሮ የሕክምና መጻሕፍት አገላብጠው ከቅጠል ያወጡት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል የተሸለመችውም በዚያ ነው። ሲኒየሩ ይሄን ከእኔ በላይ ያውቃል።

ቺንግ ዳይም ባዶ ወሬ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ይሄው በሽታ ባለባቸው 86 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። በስምንት ሳምንት ውስጥ ዱቄቱን ከወሰዱት ከአስሩ ሰባት ስምንቱ ለውጥ አሳዩ። የማስመሰያ እንክብል ከተሰጣቸው ግን ከአስር አንድ ሰው ቢሆን ነው። ሆኖም ጥናቱ ሳያልቅ ቆመ። ከጥናቱ ውጭ በራሱ ገዝቶ ለወራት ሲወስድ የነበረ ሰው የሳንባ ደም ቧንቧው ግፊት ጨምሮ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓን ጤና ሚኒስቴር ማስጠንቀቂያ አወጣ። እንግዲህ የሚሠራ ነገር ነው። የሚሠራ ነገር ደግሞ ይጎዳልም። ሰውዬው «ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም» ብለው አሰቡ፣ ሐኪሙ «ቅጠል ስለሆነ አይረባም» ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው። መሃል ላይ ማንም ሳይጠይቅ ሰባት ወር አለፈ።

«ሹሹ፣ መጻፍ አለብኝ» አልኳቸው። የልብ አልትራሳውንድ አዘዝኩ፤ የፈራሁት ሆነ። ካርዱ ላይ «የለም» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩና ከጎኑ «ቺንግ ዳይ፣ 7 ወር» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ሲኒየሩ በማግስቱ ገጹን አየው። አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ።

ዱቄቱ ሲቆም ደሙ ተመልሶ መጣ። እሱን ለማስቆም ሌላ መድኃኒት መጀመር ነበረብን፤ ቀላል ጊዜ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብዬ አላቆምም። «ቤት ውስጥ ምን ይፈላል? ምን ይበጠበጣል?» እላለሁ። እንደዚያ ሲጠየቅ ሰው ይናገራል።

ከአራት ወር በኋላ ለቀጠሮ መጡ። ሊፍቱን ትተው በደረጃ ነው የወጡት። ሳልጠይቃቸው ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። ንጹሕ ነው። ቀጥለው ከቦርሳቸው አንድ ያልተከፈተ ካርቶን አወጡ፤ ሁዋንግ ልየን ከሚባለው ሥር የሚገኘው ቤርቤሪን ነው።

«ካንሰር ይከላከላል ይላሉ። አልጀመርኩትም። መጀመሪያ ላሳይሽ ብዬ ነው።»

ወንበሬን ወደሳቸው ሳብኩ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የቻይና ጥናት እንዳለ፣ የአንጀት እባጫቸው በኮሎኖስኮፒ ከወጣላቸው መካከል ቤርቤሪን ከወሰዱት ከመቶ 36ቱ፣ ካልወሰዱት 47ቱ እባጩ እንደተመለሰባቸው ነገርኳቸው። ያ ግን የተሞከረው እባጭ በወጣላቸው ሰዎች ላይ ነው፤ እንደሳቸው ቁስለት ባለባቸው ላይ አልነበረም። በጥሞና ሰሙኝ። ካርቶኑን ወደ ቦርሳቸው መለሱትና «ኮሎኖስኮፒው መቼ ነው?» አሉኝ።