የሚጋጭ ውጤት

ድጋፋዊ ክትትል የሚባለው ነገር ድጋፉ የቱ ጋ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። የዚያን ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡት ሰውዬ ቼክሊስታቸውን ታቅፈው ላቦራቶሪ ገቡና የነፍሰ ጡሮችን የቂጥኝ ምርመራ መዝገብ ገልጠው በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። አንድ መስመር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይህች እናት በፈጣኑ መመርመሪያ ፖዘቲቭ፣ በሌላው የቂጥኝ ምርመራ በአርፒአር ኔጌቲቭ። ውሸታሙ የትኛው ነው?»

«ሁለቱም አልዋሹም» አልኳቸው። በፊተኛው እርግዝናዋ እዚሁ ተገኝቶባት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ተወግታለች። ባሏም ተጠርቶ መጥቶ ታክሟል፤ ይህ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ አዋላጆቻችንን መጠየቅ ነው። ፈጣኑ መመርመሪያ የሚያገኘው ሰውነት ተህዋሲውን ለመከላከል ያመረተውን ነገር ነው፤ ያ ደግሞ በሽታው ከዳነ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ከደም አይጠፋም። የአርፒአሩ መጠን ግን ሕክምናው ሲሠራ እየወረደ ይሄዳል።

«ከዳነች ታዲያ ለምን ፖዘቲቭ ትላላችሁ?»

«እኛ አላልንም፤ መመርመሪያው ነው ያለው።»

«ባሏ እንደገና አምጥቶባት ቢሆንስ?»

የሰውዬው ድምፅ ትልቅ ነው፤ የእኛ በር ደግሞ አይገጥምም። ባልየው ደጅ አግዳሚው ላይ ሚስቱን እየጠበቀ ነበር። ያን የሚያቃጥል መርፌ በሁለቱም መቀመጫው ተቀብሎ ቃል ሳይተነፍስ የሄደ ሰው ነው።

«እንደገና ቢይዛትማ አርፒአሩ ተመልሶ ይወጣ ነበር! አልወጣም! ንጹሕ ናት!» አልኩ፣ አግዳሚው ድረስ እንዲሰማ አድርጌ።

«ምን ያስጮህሃል?» አሉኝና ጻፉ።

ግብረ መልሱ ሲደርሰን «ላቦራቶሪው ለአንድ ታካሚ የሚጋጩ ውጤቶችን ይመዘግባል» ይላል። ሰላም ወዳዱ ኃላፊያችን ሊከራከሯቸው አልፈለጉም፤ በማሻሻያ ዕቅዱ ላይ «በቀጣዩ ሩብ ዓመት የሚጋጩ ውጤቶች እንዳይኖሩ ይደረጋል» ብለው ፈረሙ። እንዴት ተደርጎ ብዬ ብጠይቃቸው ሣቁ።

በቀጣዩ ሩብ ዓመት የአርፒአር መመርመሪያው አለቀ፤ ብንጠይቅም አልመጣም። የታከመችውንም ያልታከመችውንም መለየት ስላልቻልን በፈጣኑ ፖዘቲቭ የሆነችውን ሁሉ እንደ አዲስ ወጋን። ሰውዬው ተመልሰው መጥተው መዝገቡን አገላበጡ፤ አንድም የሚጋጭ ውጤት አላገኙም። «ተፈጽሟል» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አድርገው እጄን ጨበጡኝ።