ኩርፌና ነጠላው

አገር ቤት ያደግኩት ውሻ ቀን ታስሮ ማታ በሚፈታበት ግቢ ነው። ከሰው ጋር ይላመድ ያለ ሰው አላውቅም። ከተላመደማ ሌባውን ማን ሊያባርር ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ሌላ ሕይወት ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጨቀጭቀኝ ቆይታ እጅ ሰጠሁ። ኅዳር ላይ ፐግ የሚባል አጭር አፍንጫ ያለው የውሻ ዝርያ፣ የ9 ሳምንት ቡችላ ቤታችን ገባ። ፊቱ ጭምድድ ያለ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ሁልጊዜ ያኮረፈ የሚመስል ቡችላ። ኩርፌ አልነው። ጎረቤቶቻችን «ከርፊ» ይሉታል፤ ማረም ከተውን ቆይተናል።

የእንስሳት ሐኪሟ ገና በመጀመሪያው ቀን አስደነገጠችኝ። ቡችላ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያየውን ነገር በቀላሉ ይለምዳል፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር ሁሉ ያጠራጥረዋል አለችኝ። ስቆጥረው አምስት ሳምንት ነው የቀረኝ። ክትባቱ ደግሞ እስከ 16ኛው ሳምንት ይቀጥላል፤ ሳያልቅ መሬት ላይ ከለቀቅሽው ፓርቮ የሚባል ገዳይ ቫይረስ አለ። «ታዲያ ምን ላድርግ?» ብላት «አቅፈሽው ውጪ» አለች።

አቅፌው ወጣሁ። የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ ስመለስ ካፖርቴ ውስጥ ከትቼው አውቶቡስ ፌርማታው ላይ እቀመጣለሁ። ጢማም ሰው አየ። ጃንጥላ፣ ዊልቸር፣ ፖስተኛ፣ የሚያለቅስ ሕፃን። አዲስ ነገር ባየ ቁጥር አተር የምታክል የዶሮ ቁራጭ አጎርሰዋለሁ። ያኔ የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። አክስቴ ስልክ ደውለው «ምን እየሠራሽ ነው?» ሲሉኝ «ዶሮ እየቀቀልኩ» አልኩ። የሆነውን ሳስረዳቸው ዝም ብለው ቆዩና «እኛ ሽሮ፣ ውሻው ዶሮ!» አሉ።

አንድ ስህተት ልናገር። ማላመድ ማለት ለሁሉም ሰው ማሳቀፍ መስሎኝ ነበር። ሊፍት ውስጥ አንዲት ሕፃን ስትጠይቀኝ ሰጠኋት። ኩርፌ ፊቱን አዞረ፣ አፍንጫውን ላሰ፣ ድርቅ አለ። እኔ ጨዋ ሆነ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ፈርቶ ነው። አሰልጣኟ በኋላ እንደነገረችኝ የፐግ ፊት ያው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ጭራውን ማየት ይሻላል። እንደ ቀለበት የተጠቀለለችው ጭራ ከተፈታች ነገር አለ። ከዚያ ወዲህ እሱ ራሱ ካልሄደ ለማንም አልሰጥም።

ፋሲካ ደረሰ። ኩርፌ ሰባት ወሩ፣ ከሊፍት እስከ ቫኪዩም የሚፈራው የለም ብዬ እኮራለሁ። ከቅዳሴ መልስ አክስቴ ከነጓደኞቻቸው በር ላይ ደረሱ። ሁሉም ነጭ በነጭ፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው። ልጁ አበደ! ሶፋ ሥር ገብቶ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ። አፍንጫው አጭር ነው፣ ሲደነግጥም ሲሞቀውም መተንፈስ ይቸግረዋል። መኝታ ቤት አስገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ እጣኑንም አጠፋሁ። አክስቴ «ጠበል ያለበት ቤት ውስጥ ውሻ» ብለው አጉረመረሙ።

ሌሊት ነው የገባኝ። እሁድ እሁድ እሠራ ስለነበር በእነዚያ አምስት ሳምንታት ነጠላ የለበሰ ሰው ቤታችን አልመጣም። የአሜሪካን ፖስተኛ አሳይቼው የገዛ ዘመዶቼን ረስቻለሁ።

እንደ አዲስ ጀመርን። ነጠላዬን ወንበር ላይ አንጥፌ ራቅ ብሎ ዶሮ። ሳምንት ቆይቶ ቀረብ ብሎ። ቀጥሎ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ። ስከናነብ ጭራው ስለተፈታች ወደኋላ ተመለስን። ሁለት ወር ያህል ፈጀ። ልጄ «ማሚ፣ ለውሻ ቅዳሴ ትሄጃለሽ እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች።

ከዚያ ክረምቱ አለፈ። ሐምሌ ላይ የዚህ አገር ወበቅ ለፐግ አደገኛ ስለሆነ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ነበር የምንወጣው፤ ገመዱም አንገቱ ላይ ሳይሆን ደረቱ ላይ። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ደግሞ ትልልቅ ውሾች ላይ ማጉረምረም አመጣ። እነሱም አይፈረድባቸውም፣ ሲያንኮራፋባቸው የሚያስፈራራቸው ይመስላቸዋል። አሁን መንገድ እንሻገርና አልፈናቸው እንሄዳለን። ሁሉንም መውደድ የለበትም።

በዚህ ፋሲካ አክስቴ እንደገና መጡ። በነጠላቸው። አስቀድሜ ለምኛቸዋለሁ፤ ዓይኑን አትዩት፣ አትጥሩት፣ ዶሮ ወጥም እንዳታጎርሱት፤ ሽንኩርቱ ለውሻ መርዝ ነው። «ጃንሆይም ሉሉ የምትባል ውሻ ነበረቻቸው፣ እንዲህ ያለ ሕግ ግን ሰምቼ አላውቅም» አሉና ተቀመጡ።

ኩርፌ ዞራቸው። የነጠላውን ጥለት አሸተተ። ጭራው እንደተጠቀለለች ናት። ከዚያ መሬት ላይ የወረደው የነጠላው ጫፍ ላይ ተጋደመና ማንኮራፋት ጀመረ።

ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ሁሉም ወደ ረከቦቱ ጠጋ ጠጋ ሲል አክስቴ ንቅንቅ አላሉም። ነጠላቸውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«በረካውን እዚሁ አምጡልኝ» አሉ።