አንተም አንቱም የማይል ቃል

ሆቴል ውስጥ ነኝ። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል። ውጭው አሁንም እንደ ጋለ ምጣድ ነው፣ ክፍሉ ደግሞ በኤሲ ያንቀጠቅጣል። የባሕረ ሰላጤ አገር መሃል የለውም። አብራሪ ነኝ፤ እዚህ ያለ አየር መንገድ ለሥራ እየፈተነኝ ነው። ነገ ጠዋት የሲሙሌተር፣ የአውሮፕላን ማስመሰያው ፈተና አለኝ። የኮምፒውተር ፈተናው፣ የቡድን ውይይቱና ቃለ መጠይቁ ዛሬ አለቀ። ማታ ላይ ስማቸው የተጠራ ብቻ ነገ ይምጡ ተባለ፤ ስሜ ተጠራ። መተኛት ነበረብኝ። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፍ።

ሦስት ወር ሙሉ የተዘጋጀሁት ሳሎናችን ውስጥ ነው። የቦይንግ 737 ኮክፒት፣ የአብራሪዎቹን ክፍል ፎቶ ማተሚያ ቤት ወስጄ በትልቁ አሳተምኩና የእማዬ ቡፌ ላይ ለጠፍኩት። የሠርጓ ብርጭቆዎች ከኋላው ተደበቁ። ሁለት የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮች ጎን ለጎን፣ መሃል ላይ በርጩማ፣ በርጩማው ላይ ማማሰያ። ማማሰያው የሞተር ኃይል መስጫ መሆኑ ነው። እማዬ ሦስት ቀን ዝም ብላ አየችኝ። በአራተኛው ቀን «ልጄ፣ ወጡ እያረረ ነው፤ ማማሰያዬን መልሺ» አለች።

መሳቅ ይቻላል። ግን ብዙ አብራሪ እንዲህ ነው የሚያጠናው። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ እጁን ወደ እያንዳንዱ ማብሪያ እየላከ ይበርራል። አንድ ብር አያስወጣም። የሲሙሌተር ኪራይ ግን በሰዓት ነው የሚቆጠረው፤ እንደ እኔ ዓይነቱን ደመወዝተኛ ያስለቅሳል።

እኔ የማበርረው ኪው 400 ነው፤ ያ ፕሮፔለር ያለው የአገር ውስጡ። ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አክሱም፣ ላሊበላ። የነገው ፈተና በጄት ነው። ፕሮፔለሩ ኃይል ሲቀንሱለት እንደ ፍሬን ይይዛል። ጄት ግን ይንሸራተታል፤ እወርዳለሁ ብሎ ፍጥነትም እቀንሳለሁ ማለት አይሆንለትም፣ ቀድሞ ካልታሰበለት ጉድ ያደርጋል። 737 ደግሞ ሞተሮቹ ከክንፉ ሥር የተንጠለጠሉ ስለሆኑ፣ ኃይል ሲሰጡት አፍንጫውን ሽቅብ ይሰቅላል። ማረፉን ትቶ እንደገና ለመነሳት ኃይል ሲገፉ እጅ አፍንጫውን ካልጠበቀ ነገር ይበላሻል።

ሌላው የከፍታ ጣጣ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ7,600 ጫማ በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያው 120 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መስፈሪያ ነው) ሲል፣ ነፋስ ባይኖር እንኳ መሬቱን የምናልፈው ከ135 ኖት በላይ ነው። በ3 ዲግሪ ተዳፋት ስንወርድ በደቂቃ ስንት ጫማ እንደምንወርድ የምናሰላው ደግሞ በመሬቱ ፍጥነት ነው፤ በ5 ማባዛት ነው። ቦሌ ላይ 680 ገደማ ይመጣል። እዚህ ባሕር ጠርዝ ላይ ያው 120 ኖት 600 ብቻ ነው። ትንሽ ትመስላለች። እጄ ግን የለመደው የደጋውን ነው። የነገው ጄት በ140 ኖት ይመጣል ብለን እናስብ፤ 700 ማለት ነው። ይህችን ቁጥር መዳፌ ላይ በእስክሪፕቶ ጽፌ ስንት ቀን ዞርኩ። ባንክ ቤት ያለችው ልጅ ስፈርም አይታ «የትኬት ቁጥር ነው?» አለችኝ።

አውቶፓይለት ጠፍቶ፣ ፍላይት ዳይሬክተሩም (አፍንጫውን ወዴት እንደምንይዝ የሚያሳየን ምልክት) ጠፍቶ በባዶ መርፌ፣ መለኪያዎቹን ብቻ እያዩ ማብረር፣ 45 ዲግሪ አዘንብሎ መዞር፣ ሲነሱ አንድ ሞተር ማጣት፣ በአንድ ሞተር ማረፍ። ይህን ሁሉ ወንበር ላይ መቶ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። የፈራሁት ግን እጄን አይደለም።

ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ አየር መንገድ ተፈትኜ ወድቄያለሁ። ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ «ተፈታኙ ብዙ ነበር» እያልኩ አልፌዋለሁ። እውነቱን እዚህ ልጻፈው።

ሲሙሌተር ውስጥ የምንገባው ሁለት ሁለት ሆነን ነው። አንዱ ያበርራል። ሌላው ሬዲዮውን ያወራል፣ ቼክሊስት ያነብባል፣ አብራሪውን ይከታተላል። ከዚያ እንቀያየራለን። እኔ መጀመሪያ አበረርኩ፤ ክፉ አልነበረም። ቀጥሎ ጓደኛዬን የመከታተል ተራዬ ሆነ። የአገሬ ልጅ ነው። በሦስት ባች ይበልጠኛል፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ ቁርስ ላይ ፎቷቸውን አሳይቶኛል። 4,000 ጫማ ላይ እንዲቆም ታዘዘ። 3,000 ስናልፍ አንድ ሺህ እንደቀረው ነገርኩት። ወዲያው ፈታኙ አንድ ጄኔሬተር አጠፋበት። ዓይኑ ወደ ማስጠንቀቂያ መብራቱ ሄደ። 4,000 አለፈ። 4,100። 4,200።

አየሁት። በደንብ ነው ያየሁት። በልቤ «አሁን ያስተካክለዋል» እላለሁ። ፈታኙ ከኋላችን እስክሪፕቶ ይዞ ተቀምጧል። ከተናገርኩ ይሰማል፣ ይጽፍበታል፣ የልጁን እንጀራ ያበላሸሁት እኔ ልሆን ነው። ታዲያ ምን አደረግሁ? ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

እህህ። 4,300 ጫማ ላይ። ገጠር ጓሮ ዞር ያለ ሰው «አለሁ» ለማለት የሚጠርገው ዓይነት ጉሮሮ።

ሁለታችንም ወደቅን። ፈታኙ ሽማግሌ ነው፤ አልተቆጣም። «አይተሽው ነበር?» አለኝ። አዎ አልኩ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ፈለግኩት፣ አጣሁት። «አክብሮት ነው» አልኩ፣ ያገኘሁት ቃል እሱ ነበር። «ለማን?» አለኝ። ዝም አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ።

ሰፈራችን ጡረታ የወጡ ካፒቴን አሉ። ዘንድሮ ማመልከቻዬን ካስገባሁ በኋላ ሄጄ ነገርኳቸው። ካፌ ተቀምጠን ማኪያቷቸውን እያማሰሉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ይሉኝታ ይዞኝ ነው ካፒቴን» አልኳቸው።

«ይሉኝታ ምን ማለት ነው?»

«እርስዎ ይጠፋዎታል?»

«ምን ይሉኛል ማለት ነው። ይሉ-ኛል። አየሽ፣ ቃሉ ውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ ልጁ የለበትም። ያዘንሽው ለሱ መስሎሻል። የጠበቅሽው የራስሽን ስም ነው።»

ተናደድኩ። ሂሳብ ልክፈል ብል እንኳ አልፈቀዱልኝም። ሁለት ቀን ስብሰለሰል ከርሜ በሦስተኛው ቀን ደወልኩላቸው፤ ልክ ናቸው።

የቤት ሥራ ሰጡኝ። በ1990 እ.ኤ.አ. ጥር ወር ኒውዮርክ አጠገብ ስለወደቀው የኮሎምቢያው አየር መንገድ የአቪያንካ በረራ 52 አንብቢ አሉኝ። የአየሩ ሁኔታ ከፍቶ አውሮፕላኑ ከአንድ ሰዓት በላይ ሰማይ ላይ ሲዞር ቆየ። ነዳጁ እያለቀ ነው። ረዳት አብራሪው ቅድሚያ ይሰጠን አለ፣ ነዳጅ እያለቀብን ነው አለ። «ኢመርጀንሲ» የምትለዋን ቃል ግን ለመቆጣጠሪያው አልተናገራትም። ቤት እየተቃጠለ «ትንሽ ሞቅ አለን» እንደማለት። አራቱም ሞተሮች ጠፉ። ከ158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ። ሲወድቅ እሳት እንኳ አልተነሳም፤ የሚነድ ነዳጅ አልቀረውማ። ይህን ያነበብኩ ሌሊት ጉሮሮ መጥረጌ ትዝ አለኝና መብራት አብርቼ ተቀመጥኩ።

ካፒቴኑ ያሠለጠኑኝ በመጠየቅና በማሳወቅ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የዛሬ ዓመት ክረምት ወደ ጎንደር ስንሄድ ዝናቡ ሜዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። አለቃዬን «ካፒቴን፣ ትንሽ ብንጠብቅ አይሻልም?» አልኳቸው። እሳቸውም ጠበቁ፣ ዝናቡ አለፈ፣ በሰላም አረፍን። ይህን ታሪክ ለቃለ መጠይቁ አዘጋጅቼው ነበር። «ጥሩ ሰው ስለሆኑ ሰሙሽ እንጂ» አሉኝ ጎረቤቴ፤ «ጥያቄ ነው የወረወርሽው። ባይሰሙሽስ?» መጀመሪያ ትጠይቂያለሽ፣ ቀጥሎ ያየሽውን በግልጽ ትናገሪያለሽ፣ ቀጥሎ ይህ አደጋ ነው ትያለሽ፣ በመጨረሻ መሪውን ትወስጃለሽ። እኔ ሁልጊዜ አንደኛዋ ደረጃ ላይ ቡና አፍልቼ እቀመጣለሁ።

አንድ ነገር ገላገለኝ። በአማርኛ ሰው ለማረም አፌን ስከፍት መጀመሪያ የሚመጣብኝ «አንተ ልበል ወይስ አንቱ?» ነው። እሱን ስመርጥ 200 ጫማ ያልፋል። የኮክፒቱ ጥሪ ግን አንድ ቃል ነው። «አልቲቱድ»፣ ከፍታ። «ስፒድ»፣ ፍጥነት። አንተም አንቱም አይልም። ማንንም አይጠራም፣ ማንንም አይሰድብም፣ ከፍታውን ብቻ ነው የሚጠራው። ስንት ዓመት ስለው ኖሬ ዘንድሮ ገና ገባኝ።

ስለዚህ ልምምዱ ተቀየረ። ታናሽ ወንድሜ ኮምፒውተሩ ላይ ያበርራል፣ ሆን ብሎ ያበላሻል፣ እኔ እጠራለሁ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ከኋላ ተቀመጠች። የከፍታው ቁጥር ከታዘዘው በ100 ከበለጠ «አልቲቱድ» በይ ብዬ ነግሬያታለሁ። ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረባትም። ቁጥሯ 100 ሳትሞላ ትጮሃለች። ወንድሜ «እማ፣ ገና 80 ነው!» ሲላት፣ «ልታልፍ ነበራ!» ትላለች።

ቃለ መጠይቁን ስንለማመድ ግን ይህችው ሴትዮ ከለከለችኝ። «ራስሽን አስተዋውቂን» ሲሉኝ እንዲህ እላለሁ ብዬ ጀመርኩላት። ጎበዝ ነኝ፣ ጫና እችላለሁ፣ ይህን ያህል ሰዓት በርሬያለሁ። «ጉራ!» አለች እማዬ። «ሰው ራሱን በራሱ ያመሰግናል እንዴ? ሌሎች ይናገሩልሽ።» እዚያ ክፍል ውስጥ እኮ ሌሎች የሉም እማ። እኛ ቤት «እኔ» ማለት ራሱ ነውር ነው። «እንዲህ አደረግን» ነው የሚባለው፣ ብቻችንን ብናደርገውም። ጠያቂዎቹ ደግሞ «እናንተ ሳይሆን አንቺ ምን አደረግሽ?» ይላሉ። ሦስት ወር ሙሉ «ን»ን ወደ «ኩ» ስቀይር ከረምኩ።

ዛሬ ሦስት ሰዎች ፊት ተቀመጥኩ። «የተሳሳትሽበትን አንድ ጊዜ ንገሪን» አለች መሃል ያለችው። ለዚህም ያጠናሁት ቀላል ስህተት ነበረኝ፣ የማያስወቅስ፣ መጨረሻው የሚያምር። አፌን ስከፍት የወጣው የጉሮሮው ታሪክ ሆነ። ከነእህህው። ዳር የተቀመጠው አብራሪ ከወረቀቱ ቀና ብሎ «ስንት ጫማ አልሽ?» አለኝ። «300 አልፎ ነበር።» ጻፈ። ደግ ይሁን ክፉ እንጃ፣ ፊቱ እንደ ጠረጴዛ ነው። ለማንኛውም ስሜ ተጠርቷል።

የነገው ጥንዴ ቱኒዚያዊ ነው። ዝርዝሩ ላይ ስሙን ሳይ የእኩያዬ መስሎኝ ነበር። ሎቢ ስንገናኝ ፂማቸው የሸበተ፣ የአባቴ እኩያ ሰውዬ ሆነው ቁጭ አሉ። አያችሁ፣ ወዲያው አንቱ አልኳቸው! ድርጅታቸው ተዘግቶባቸው ነው በዚህ ዕድሜ ከልጆች ጋር የሚፈተኑት። ሻይ አዘዙልኝ፣ ስኳሩን ራሳቸው ጨመሩልኝ። ልቤ ኩምሽሽ አለ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ስለ አየር ጠባይ አወራሁ።

ከዚያ ነገርኳቸው። ነገ 100 ካለፉ እጠራለሁ፣ እርስዎም ይጥሩብኝ አልኩ። «ካልጠራሽማ ምን ልትሠሪ ገባሽ?» አሉና ሳቁ። ሁለቱን የሎቢ ወንበሮች ጎን ለጎን አደረግናቸው። እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እየበረሩ ከፍታውን ድምፅ አውጥተው ይቆጥራሉ። 3,900፣ 4,000፣ 4,100። የመጀመሪያው «አልቲቱድ» ከጥርሴ አልወጣም። «አልሰማሁም» አሉ፤ እንደገና ተነሡ፣ እንደገና ቆጠሩ። በሦስተኛው ሪሴፕሽን ያለው ልጅ ስልኩን ትቶ ቀና አለ።

አሁን እማዬ የድምፅ መልእክት ልካለች። ምርቃቱ ረጅም ነው። ወደ መጨረሻው በልተሽ እንደሆነ ንገሪኝ ትላለች፣ ከዚያ እኔን ሸኝታ ከቦሌ ስትመለስ የሆነውን ትተርካለች። የታክሲው ሹፌር ቀለበት መንገዱ ላይ ሲከንፍ ከኋላ ሆና «ስፒድ!» ብላዋለች። ደንግጦ ቀነሰ ትላለች።